የተምች ዱቄት

ዶሮን በነፍሳት መቀለብ ከውጭ የመጣ አዲስ ዘዴ ነው ይባላል። አይደለም። እኛ አምቦ ላይ በደርግ ጊዜ ሠርተንበታል፤ ሰው ልናሳስርበትም ምንም አልቀረንም። ትል ምንጊዜም ትል ነው፣ ዶሮም ያገኘችውን ትበላለች፣ ጉዳት የለውም ይባላል። ይሄም አይደለም።

ነገሩን ያነሣሣብኝ ባለፈው ሰኔ ጊንጪ ላይ ያጋጠመኝ ወጣት ነው። ወደ አምቦ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጎማው ተንፍሶ ሾፌሩ ጎሚስታ ጋ ቆመ፤ ተሳፋሪውም በየሻይ ቤቱ ተበተነ። ከጎሚስታው አጠገብ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ልጅ ጠረጴዛ ዘርግቶ በትናንሽ ፌስታል የታሰረ ቡናማ ነገር ይሸጣል። ቆሎ መስሎኝ ቀረብኩ። የደረቀ የዝንብ እጭ ነበር።

«የዶሮ መኖ ነው ጋሼ። ከአኩሪ አተር ይበልጣል። ቴክኖሎጂው ገና ወደ አገራችን መግባቱ ነው።»

«ገና?» አልኩት።

«ገና! ሕዝባችን ስላልነቃ ይጸየፈዋል እንጂ።»

በዕድሜዬ ብዙ ሰው «ሕዝባችን አልነቃም» ሲል ሰምቻለሁ። አብዛኛው የሚሸጠው ነገር ነበረው። ለልጁ ይህን አላልኩትም፤ ፌስታሉን ፈትቼ አፍንጫዬን አስገባሁና በረጅሙ ሳብኩ። ሳላስበው ያደረግኩት ነው። ልጁ በሳቅ ፈረሰ።

«ለሰው አይደለም እኮ ጋሼ!»

የተቆላ ሱፍ ይሸታል፤ ሌላ ምንም የለውም። አፍንጫዬ ግን ሌላ ሽታ ነበር የሚፈልገው። አንዱን ፌስታል ገዝቼ ኪሴ ከተትኩ፤ ከጊንጪ እስከ አምቦ ድረስም ከመስኮቱ ውጭ ያለውን አረንጓዴ ሳላየው ሄድኩ።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ማትሪክ አልመጣልኝም፣ ከአምቦ ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ ዳር በነበረ የሴቶች ማኅበር የዶሮ እርባታ ውስጥ መኖ ቀላቃይ ሆኜ ገባሁ። ለሥራው ያበቃኝ በመኖው ጆንያ ላይ የተጻፈውን እንግሊዝኛ ማንበብ መቻሌ ነበር። ብዙም ሳልቆይ ጆንያው መምጣት አቆመ። የዓሣ ዱቄት ጠፋ፤ የኑግ ፋጉሎም ጠፋ። በቆሎና ፉርሽካ ብቻ ቀረን፤ በቆሎና ፉርሽካ ላይ ደግሞ የሚነበብ ነገር የለም።

ዶሮ ፕሮቲን ስታጣ ምን እንደምትሆን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልግም። እርስ በርሷ ትበላላለች። የአንዷ ጅራት ሥር ትንሽ ይደማል፤ ደሙን ያየች ጎረቤቷ ትነቁራታለች፤ ሌሎቹ ይከተላሉ፤ ከሰዓት በኋላ ሬሳ ትለቅማለህ። እርግጥ በዚያ ዘመን የኖረ ሰው ይህን ከዶሮ መማር አላስፈለገውም።

የማኅበሩ ሊቀመንበር አዴ ዳሚቱ ነበሩ፤ አጭር፣ ደረታቸው ሰፊ፣ ሲናገሩ አማርኛውን በኦሮምኛ እየጠገኑ የሚሄዱ ሴት። ባላቸው ኦቦ ተሊላ «ጴንጤ ነው» ተብለው የጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ጀምሮ እስር ቤት ናቸው። ልጅ የላቸውም። አዴ ዳሚቱ ጠዋት ዶሮ ካበሉ በኋላ የኦቦ ተሊላን ስንቅ በአገልግል ይዘው በእግር ወደ ከተማ ይወጣሉ፤ ከተመለሱ በኋላ ደግሞ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። እስረኛን መንግሥት ያስራል እንጂ አያበላም ነበር።

የዶሮዎቹን መድኃኒት ያገኙት እሳቸው ናቸው። የተሰነጠቁ ጋኖች ሰብስበው ከአጥሩ ጀርባ አስቀመጡ፤ በውስጣቸው እርጥብ እበትና አተላ ለወሱ፤ በላዩ ሣር ጣል አደረጉ። ጠላ በአፋቸው የማያዞሩት ሴት የአምቦን ጠላ ሻጮች በሙሉ በአተላቸው አወቋቸው። ዝንቡ መጣ። ጥቂት ቀን ቆይቶ ጋኑ ከውስጥ የሚፈላ ድስት መሰለ። እጩን በወንፊት አበጥረው፣ የፈላ ውኃ ከቸለሱበት በኋላ በቆርቆሮ ላይ አስጥተው ከበቆሎው ጋር እንድቀላቅል ሰጡኝ። እኔ ከመቀላቀሌ በፊት ቁርስ መብላት ትቼ ነበር።

«ዝንብ ቀጠራችሁ አሉ!» አሉ ዘበኛው ኦቦ ፈይሳ፣ አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ይዘው። «ጡረታም አለው?»

«አንተ ከምትሠራው ይበልጥ ይሠራል» አሏቸው አዴ ዳሚቱ።

ይበልጥ ሠራም። ዶሮዎቹ መነቋቆር ተዉ፣ ጀርባቸው ላባ አበቀለ፣ እንቁላሉ ተመለሰ። ያን ጊዜ ነገሩ እዚያው ከአጥሩ ጀርባ ቢቀር ኖሮ ዛሬ የምጽፈው አይኖረኝም ነበር።

ካድሬያችን መስፍን ይባል ነበር። መሳፍንትን የጠራረገ አብዮት ውስጥ እንዲህ ያለ ስም ይዞ መኖር ምን ያህል እንደከበደው አላውቅም፤ ከሌላው ይበልጥ ይጮህ የነበረው ግን በዚያ ምክንያት ይመስለኛል። ከአዴ ዳሚቱ በብዙ ዓመት ቢያንስም «ጓድ ዳሚቱ፣ አንቺ» ይላቸው ነበር፤ አንቱታ ከፊውዳሉ ጋር ተወርሷል። አንድ ቀን መጥቶ ጋኖቹን አየ። ሌላ ሰው አፍንጫውን በሚይዝበት ቦታ እሱ እጁን አጨበጨበ።

«ይሄ ራስን መቻል ነው! ይሄ በዘመቻ መሠራት አለበት!»

በሳምንቱ ለየገበሬ ማኅበሩ ትእዛዝ ወረደ፤ እያንዳንዱ ነፍሳት በጆንያ እንዲያስገባ። አንበጣም ይሁን ትል፣ ብቻ ይድረቅ፣ ብቻ ይምጣ። ከአዲስ አበባ እንግዶች መጥተው ውጤቱን ያያሉ ተባለ። ገበሬው ሰማ። ከቶኬ በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ ጆንያ ሊወስዱ ተሰልፈው ሳለ ያሉት ዛሬም ይታወሰኛል፤ «እህሉን በኮታ ወሰዳችሁ። ትሉ ቀርቶልን ነበር።»

በዚያው ሰሞን ተምች ገባ። ተምች ያላየ ሰው ትል ይመስለዋል፤ ጦር ነው። በበቆሎው ማሳ ዳር ሆነህ ብታዳምጥ ካፊያ የሚጥል ይመስልሃል፤ ቀና ስትል ግን ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ የምትሰማው ሲያኝክ ነው። የመንግሥት ሰዎች መርጫ በጀርባቸው አዝለው ወጡና ከጉደር ወዲያ ያለውን ማሳ ሁሉ ረጩ። ተምቹ በየፈሩ ረገፈ።

አሁን የገበሬውን ቦታ ያዙና አስቡት። ሕያው ነፍሳት መልቀም መከራ ነው፤ ይዘላል፣ ይበራል፣ ከቅጠል ሥር ይገባል። የሞተ ተምች ግን በመጥረጊያ ይሰበሰባል። ኮታ አለብህ፤ ኮታህ ደግሞ እግርህ ሥር ተከምሯል። ገበሬው ጠረገ፣ አሰጣ፣ በማዳበሪያ ጆንያ ሞልቶ አስገባ። ተንኮል አልነበረበትም። «ብቻ ይድረቅ፣ ብቻ ይምጣ» የተባለውን ነው ያደረገው።

ጓድ መስፍን ጆንያዎቹን በከተማው ወፍጮ ቤት አስፈጨ። የሐዋርያት ጾም ገብቶ ስለነበር ሴቶቹ ከዚያ ወፍጮ ጤፍ አናስፈጭም ብለው አደሙ። ባለወፍጮው ድንጋዩን በፉርሽካ አሳጠበ፣ ጠበል አስረጨ፣ በመጨረሻም ቆልፎ አገሩ እንጭኒ ሄደ። ሰው በዚህ ሲስቅ ዱቄቱ ወደኛ መጋዘን ደረሰ።

አዴ ዳሚቱ የመጀመሪያውን ጆንያ ፈቱ፤ ፊታቸውን አስጠጉና ወዲያው አነሡት።

«ደጀኔ፣ ና አሽትት።»

አሸተትኩ። በጋዝ የተነከረ የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት ይመስላል።

«ባኮ እህቴ ቤት የወባ ሰዎች ሲረጩ እንዲህ ይሸታል» አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። «ይሄን ትል ማነው የገደለው?»

አንድ እፍኝ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩ። ማታውኑ ጓድ መስፍን መጥቶ መጋዘኑን በራሱ ቁልፍ ቆለፈ። እንግዶቹ ሰኞ እስኪመጡ አንድ ፍሬ እንዳይነካ፣ ዶሮዎቹ አዲሱን መኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበሉት በእንግዶቹ ዓይን ፊት መሆን አለበት አለ። ከእሑድ ጠዋት ጀምሮ ምንም እንዳይበሉም አዘዘ፤ ተርበው እንዲሻሙ።

አንድ አንካሳ አውራ ዶሮ ነበረን፣ የቀረበውን ሁሉ የሚነቁር ክፉ። በመካከላችን «ሊቀመንበር» እንለው ነበር፤ አዴ ዳሚቱን ማለታችን አልነበረም፣ ማንን ማለታችን እንደሆነም አንናገርም። እፍኟን ለእሱ ሰጠነው። በላ። እኔና ኦቦ ፈይሳ ከቅርጫቱ ፊት ቁጢጥ ብለን ጠበቅን። መጀመሪያ ለሃጩ ወረደ። ከዚያ ክንፎቹ ተንቀጠቀጡ፣ እግሩ ተገትሮ ወደ ጎኑ ወደቀ።

«ሊቀመንበሩ አረፉ» አሉ ኦቦ ፈይሳ ቀስ ብለው። ከዚያ ምን እንደተናገሩ ገባቸውና ዘወር ብለው አጥሩን አዩ። ማንም አልነበረም። ያም ሆኖ ሁለታችንም አልሳቅንም።

አዴ ዳሚቱ እኔን አስከትለው ወደ ጓድ መስፍን ቢሮ ሄዱ። ሲጽፍ አገኘነው።

«ጓድ፣ ዱቄቱ ይሸታል።»

«ትል ነው። ሽቶ ይሽተት?»

«መርዝ ነው የሚሸተው። ማሳው ተረጭቷል። አንድ አውራ ሞቶብናል።»

ብዕሩ ቆመ። ቀና ግን አላለም። «ማን አየ?»

«እኛ አየን።»

«እናንተ ማናችሁ?» አለ። አሁን ቀና አለ፤ ያየው ግን ግድግዳውን ነው። «ስሚ፣ ጓድ ዳሚቱ። ሪፖርቱ ወደ በላይ ሄዷል። ሰኞ ዶሮዎቹ ይህን መኖ ሲበሉ ይታያሉ። ካልበሉ አሻጥር ነው።»

«በልተው ቢሞቱስ?»

«ያኔም አሻጥር ነው። አሻጥረኛውን ደግሞ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። ባልሽ የት እንዳለ እናውቃለን።»

ወጣን። ካፊያ ጀምሮ ነበር፤ የአምቦ ቀይ ጭቃ ጫማችን ላይ ይከብዳል። «ባኮ እህትዎ ጋ ይሂዱ» አልኳቸው። «ዛሬውኑ ይሂዱ። እኔ አሟቸው ነው እላለሁ።»

«ሄጄስ?» አሉኝ። «እኔ ብሄድ፣ እኔ ብታሰር፣ ለተሊላ ስንቅ የሚወስድለት ማነው? አንተ ትወስዳለህ? ለጴንጤ ስንቅ ያደረሰ ስሙ ይያዛል። እናትህ ትፈቅድልሃለች?»

እናቴ እንደማትፈቅድ እሳቸውም እኔም እናውቃለን።

ሰኞ ሰማዩ ጠራ። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ሣሩ ላይ ያበራል። ላንድሮቨሮቹ በረፋዱ መጡ። የእንግዶቹ አለቃ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ቀጠን ያሉ ሰው ነበሩ፤ ያረጀ ጫማቸው በደንብ ተወልውሏል። የማኅበሩ ሴቶች ተሰለፉ። ዶሮዎቹ ግን ከእሑድ ጀምሮ ስላልበሉ የሽቦውን አጥር ሊቀዱት ደርሰዋል፤ ጩኸታቸው የጓድ መስፍንን ንግግር ዋጠው። እኔ ስለ ኢምፔሪያሊዝም የተናገረውን አልሰማሁም። የምሰማው ሽቦው ላይ የሚያርፈውን ምንቃር ነበር።

ጓድ መስፍን መጋዘኑን ከፈተ፣ በእጁ ሰፌድ ላይ ዱቄት ሞልቶ ለአዴ ዳሚቱ ሰጠ፣ የዶሮዎቹንም በር አስከፈተ። «ጓድ ዳሚቱ፣ አብያቸው።»

አዴ ዳሚቱ ሰፌዱን በግራ ክንዳቸው ይዘው ቆሙ።

«ይቅርታ፣ ጓዶች» አሉ። «እኛ ዘንድ እንግዳ ፊት ምንም ነገር ሳይቀመስ አይቀርብም። የዶሮም ቢሆን ምግብ ነው።»

ሴቶቹ ሳቁ። ሽማግሌው የእንግዶቹ አለቃም ፈገግ አሉ። ጠላ የምትቀዳ ሴት ለእንግዳ ከመስጠቷ በፊት በመዳፏ ጠብ አድርጋ እንደምትቀምስ የማያውቅ ከመካከላችን አልነበረም፤ ከመርዝ የጸዳ ነው ማለት ነው። «እውነቷን ነው» አሉ ሽማግሌው። «ትቅመስ! ሥርዓት ነው።»

አዴ ዳሚቱ ዱቄቱን በቀኝ መዳፋቸው አፈሱ። ወደ ሽማግሌው አላዩም። ያዩ የነበረው ጓድ መስፍንን ነው፤ ትክ ብለው፣ ዓይናቸውን ሳይሰብሩ። መዳፋቸው ወደ ላይ ወጣ። አገጫቸው ደረሰ። ከንፈራቸው ተከፈተ።

ጓድ መስፍን እጃቸውን መታው።

የመታበት ድምፅ በጥፊ እንጂ በሌላ አይመሰልም። ዱቄቱ በነነ፤ ሰፌዱ ተገለበጠ። የራቡት ዶሮዎች በተከፈተው በር እየተረጋገጡ ወጥተው ወደ ፈሰሰው ዱቄት ሮጡ። ያኔ አንድም ሰው ያልጠበቀው ሆነ፤ ጓድ መስፍን ጭቃው ላይ በጉልበቱ ወደቀ። ካኪ ኮቱን አውልቆ ዱቄቱ ላይ ጣለ፣ በላዩም ተደፋበት፣ «አባሯቸው! አባሯቸው!» እያለ ጮኸ። በነጠላ፣ በባርኔጣ፣ በእግር አባረርናቸው። ኦቦ ፈይሳ አንዷን ከአፏ እየነጠቁ ሲሰድቧት እሰማ ነበር።

ዶሮዎቹ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሽማግሌው ጠጋ አሉ።

«ጓድ መስፍን፣ መኖው ምን አለበት?»

ካድሬው ከጭቃው አልተነሣም። «ተረጭቷል» አለ። በዚያ ሁሉ ወር ከአፉ ከሰማሁት ቃል ሁሉ ያለ ማይክሮፎን የተናገረው እሱን ብቻ ይመስለኛል።

«መቼ አወቅህ?»

አዴ ዳሚቱ ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን በእርጥብ ሣር ያሹ ነበር፤ ደጋግመው፣ ልክ ምንጣፍ እንደሚያጥብ ሰው።

ለክብራቸው ከራሳችን እርባታ ታርዶ ዶሮ ወጥ ተሠርቶ ነበር። ማንም እጁን አልሰደደም። ሃይማኖት የድኻ ማደንዘዣ ነው ሲሉ የከረሙ ጓዶች በአንድ ጊዜ የሐዋርያት ጾም መሆኑ ትዝ አላቸውና ጎመኑን አሟጠጡት። ሽማግሌው ከመሄዳቸው በፊት ጆንያዎቹ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ እንዲቀበሩ አዘዙ፤ ስለ ጉዳዩ ምንም እንዳይጻፍም ጨመሩ። የተሳካ ዘመቻ ነው ተብሎ ወደ በላይ ተነግሯል፤ የተሳካን ነገር ደግሞ ማፍረስ ለማንም አይመችም። ያዳነን ፍትሕ አልነበረም፤ የአለቆች እፍረት ነው።

የዚያን ቀን ከሰዓት አዴ ዳሚቱን እስከ እስር ቤቱ በር ሸኘኋቸው። ወታደሩ አገልግሉን እየፈተሸ፣ «ዛሬ ምነው ዘገየሽ?» አላቸው።

«እንግዳ ነበረብኝ» አሉት።

ጓድ መስፍን በዚያው ሰሞን ከአምቦ ተነሣ። ወደ ፖለቲካ ትምህርት ቤት ተላከ ያሉ አሉ፤ ወደ ሰሜን ግንባር ተላከ ያሉም አሉ። ኦቦ ተሊላ ተፈቱና ብዙ ዓመት ኖሩ። ጋኖቹ መንግሥት እስኪለወጥ ድረስ ሠሩ፤ ከዚያ እርባታውን ያፈረሱት የኛው ሰዎች ናቸው። ቆርቆሮውን ለመውሰድ።

ስለዚያ ዘመን ሲጻፍ ካድሬ ሁሉ አውሬ ነው። መስፍንን አልወደውም፤ ባገኘውም ሰላም የምለው አይመስለኝም። አንዲትን ሴት ለማሰር ዝግጁ ነበር፣ በራሱ ጥፋት። ነገር ግን መርዙ አፏ ሲደርስ የራሱን ነገር ሁሉ ጭቃ ውስጥ ጣለና እጇን መታ። ለእስር ሊሰጣት ይችል ነበር፤ ለሞት ግን ሊሰጣት አልቻለም። ይህችን ልዩነት ትንሽ ናት የሚል ሰው ሲገጥመኝ፣ ዘመኑን ከመጽሐፍ እንዳወቀው እጠረጥራለሁ።

ባለፈው ሰኔ ወደ አምቦ እሄድ የነበረው አዴ ዳሚቱን ለመጠየቅ ነው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ከእህታቸው ልጅ ጋር ይኖራሉ። በረንዳው ላይ ተቀምጠን የተጠበሰ በቆሎ እየፈለፈልን ለብዙ ዓመት ያመቅኩትን ጥያቄ ጠየቅኋቸው።

«ያኔ ባይመታዎት ይውጡት ነበር?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አሉ። «ዓይኑን እያየሁ ነበር። እሱ ካላፈረ እኔ ማቆም አልችልም ነበር። ለእንግዳ አቅርቤ አልቀምስም ልል ነው?»

ከኪሴ የጊንጪውን ፌስታል አውጥቼ መዳፋቸው ላይ አኖርኩት፤ የዶሮ መኖ ነው፣ የዝንብ እጭ፣ አሁን አዲስ ነው ይሉታል አልኳቸው። በጣታቸው ዳበሱት። አፍንጫቸው ጋ አደረሱት፣ ቆዩ።

«ማልቱ አጄሴ?» አሉኝ። ምን ገደለው?

አላውቅም ነበር። ገዝቼው፣ ኪሴ ከትቼው፣ ሳልጠይቅ መጥቻለሁ።

ስመለስ ጊንጪ ላይ ከሚኒባሱ ወርጄ ልጁን ጠየቅኩት። መጀመሪያ ግራ ገባው፤ ከዚያ በፈላ ውኃ እንደሚገድሉት፣ በፀሐይ እንደሚያደርቁት፣ ምን አብልተው እንደሚያሳድጉት ነገረኝ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው እንደሌለም ነገረኝ።

ስለዚህ አንድ ነገር አድርጉልኝ። የነፍሳት መኖ ስትገዙ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት ጆንያውን ፈታችሁ አሽትቱ፣ ሻጩንም ዓይኑን እያያችሁ ምን እንደገደለው ጠይቁት። ዓይኑ ወደ ግድግዳ ከሄደ አትግዙ።